«ፋይናል ሬኮኒንግ»ን አይተው ግማሹ ተኛ፣ ግማሹ አጨበጨበ፤ ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የክፍሉ?

ቱሉዲምቱ_ማዶ

ሰላም ጎበዝ። ቱሉ ዲምቱ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ባዶ ሰርቪስ ቤት ለዘመድና ለጓደኛ ፊልም ማያ አድርገነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ስምንተኛውን ሚሽን ኢምፖሲብል፣ «ፋይናል ሬኮኒንግ»ን አየን፤ አስተያየቱ ግን ለየቅል ሆነ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አብዛኛው ሰው ስልኩን ሲጎረጉር ነው ያሳለፈው፤ «ይሄ ደግሞ ማነው? ምኑን ነው የሚፈልጉት?» እየተባለ። የሰጠመው ሰርጓጅ መርከብ ጋ ስንደርስ «ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም» ሆነ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አውሮፕላኖች ሲመጡ ክፍሉ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ሆኖም አንዳንዶቹ «ኮምፒውተር ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

ክፍሉ 4 በ6 ሜትር ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። ምስሉን የምንለቀው በቀጥታ ክሬም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ነው፣ ስፋቱ 2.40 ሜትር። ፕሮጀክተሩ ካርቶኑ ላይ «9000 ሉመን፣ ፎርኬ» ይላል። ፋይሉ ፎርኬ ኤችዲአር ነው፣ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ። ድምፁ ከኋላ ከተቀመጠ ብሉቱዝ ስፒከር ይወጣል። በመጪው ቅዳሜ ያላዩት የአጎቴ ልጆች ከነጓደኞቻቸው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ምን ላስተካክል? ወይስ ፊልሙ ራሱ ነው የደከመው?

ሸራ_ወጣሪ

ከምስሉ ልጀምር። «ምንም አይታይም» ያሉህ ልክ ናቸው፣ ግን ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

ካርቶን ላይ ያለው 9000 የሻጭ ቁጥር ነው። የምትፈልገው «አንሲ ሉመን» (በስታንዳርድ የተለካ የብርሃን መጠን) የሚለውን ነው፤ ትንንሾቹ ርካሽ ኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች በአንሲ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፉም። ሲኒማ ቤት ሸራ ላይ የሚጠበቀው ብርሃን 48 ኒት (የምስል ድምቀት መለኪያ) ገደማ ነው። የአንተ ምስል 2.40 በ1.35 ሜትር፣ ማለትም 3.24 ካሬ ሜትር ነው። ይህን ስፋት እዚያ ደረጃ ለማድረስ 490 የሚጠጋ እውነተኛ ሉመን ይፈልጋል። ያለህ 200 ከሆነ 20 ኒት እንኳ አይሞላም። የቀን ብርሃን ያለበት ትዕይንት በዚህም ይታያል፤ በአንድ የእጅ ባትሪ ብርሃን የተቀረጸ የመርከብ ሆድ ግን አይታይም። አዲስ ፕሮጀክተር ለመግዛት አትሩጥ። ያለውን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ስፋቱን ወደ 1.50 ሜትር አውርደው፤ በዚያው 200 ሉመን 50 ኒት ታገኛለህ። «ለምን አሳነስከው» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ፊልሙ ሲጀምር ይረሱታል። የፊት ረድፉን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠህ ከ2 ሜትር አታርቀው።

ኤችዲአሩን ተወው። የኤችዲአር ፋይል የብርሃን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ተራ ፕሮጀክተር ሳይለወጥ ሲቀበለው ቀለሙ ይገረጣል፣ ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ተራውን 1080 ፒ ኤስዲአር ቅጂ ያዝ። ምንም አይቀርብህም፤ «ፎርኬ» የሚለው ጽሑፍ ፕሮጀክተሩ ፎርኬ ይቀበላል ማለት እንጂ ያሳያል ማለት አይደለም። ዝርዝር መግለጫው ላይ «ኔቲቭ» የሚለውን እይ፤ ብዙ ጊዜ 1280 በ720 ወይም 1920 በ1080 ነው።

ክሬሙ ግድግዳ ምስሉን ቢጫ ያደርገዋል። ሰፋ ያለ ነጭ አቡጀዲ ግዛ፣ ከሞራሌ ፍሬም ሥራና ከመሃል ወደ ጥግ እየወጠርክ በስቴፕለር ምታው። አንድ ድርብ አቡጀዲ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ አድርግ። ዙሪያውን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል በጥቁር ጨርቅ ክፈፈው፤ ዓይን ጥቁሩን የበለጠ ጥቁር አድርጎ ያየዋል።

ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር መስመር ብልሽት አይደለም፣ እንዳታጎላው። የፊልሙ ቅርጽ 2.39 ለ1 ነው፤ 1.50 ሜትር ስፋት ላይ ቁመቱ 63 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ካጎላኸው ዳርና ዳር ያሉ ፊቶች ይቆረጣሉ።

ሰው ከመምጣቱ በፊት ሰርጓጁ ውስጥ ያለ አንድ ጨለማ ምስል ላይ አቁም። «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ካለ ወደ «ሲኒማ» ቀይረው። ብራይትነሱን ጥቁሩ መስመር የቻለውን ያህል እስኪጠቁር አውርድ፣ ከዚያ የጠላቂው ልብስ እጥፋት ብቅ እስኪል ድረስ ቀስ እያልክ መልስ። እዚያ ጋ ተው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ብራይትነሱን እስከ ጫፍ በመግፋት ነው፤ ያኔ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የሚታይ ነገር ግን አይጨምርም።

ድምፅና_ገመድ

ሸራ_ወጣሪ ምስሉን ጨርሶታል። እኔ ግን ሰዎቹን ያስተኛቸው ድምፁ ነው ባይ ነኝ። ይህ ፊልም የመጀመሪያ ሰዓቱ ወሬ ነው፤ ወሬው ካልተሰማ የቀረው ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲተያዩ ማየት ነው።

በ5.1 ድምፅ (በስድስት ቻናል በተከፋፈለ ድምፅ) ንግግሩ በአብዛኛው ያለው የመሃል ቻናል ላይ ነው። ላፕቶፑ በትክክል ወደ ሁለት ቻናል ሲያጥፈው መሃሉን በ3 ዴሲቤል ቀንሶ ለግራና ለቀኝ ያካፍላል፤ ፍንዳታው ግን በሙሉ ጉልበቱ ይቀራል። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻ ደግሞ የፊቱን ግራና ቀኝ ብቻ ያወጣና መሃሉን ይጥለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሙዚቃው ደምቆ ይሰማል፣ ተናጋሪው ግን የለም። ፋይሉ ውስጥ የስቴሪዮ ትራክ ካለ እሱን ምረጥ። ከሌለ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ከኢፌክቶች ውስጥ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን፣ ክፈት፤ ትሬሾልድ −24 ዴሲቤል፣ ሬሾ 4 ለ1፣ አታክ 25 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ 150፣ ሜክአፕ 8። ኢኳላይዘሩ ላይ 60 እና 170 ኸርዝን በ4 ዴሲቤል ቀንስ፣ 3 ኪሎኸርዝን በ3 ጨምር። ይህ ሹክሹክታውን ያነሳል፣ ፍንዳታውንም ያስታግሳል። የፊልሙን ግርማ ትንሽ ይወስድበታል፤ እንዲያ ባለ ክፍል ግን ከመስማት የሚበልጥ ግርማ የለም።

ስፒከሩን ከኋላ አንሳውና ከሸራው ሥር፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት አድርገው። ብሉቱዙን ተውና በኦክስ ገመድ አገናኘው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል፤ አፍና ቃል ሲለያይ ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ይሰለቻል። የግድ ብሉቱዝ ከሆነ ቪኤልሲ ላይ የጄ ቁልፍ ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ያስቀድማል፣ የኬ ቁልፍ ያዘገያል። በር ሲዘጋ ወይም ጥይት ሲተኮስ አይተህ ልክ እስኪገጥም ጄን ነካ ነካ አድርግ።

ሊሾ ወለልና ባዶ ልስን ግድግዳ ንግግርን ያስተጋባል። ወለሉን በምንጣፍ ሸፍን፣ የኋላውን ግድግዳና ከጎኖቹ ቢያንስ አንዱን በወፍራም ብርድ ልብስ አልብስ፤ ከግድግዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብታርቀው ይበልጥ ይሠራል። የእንቁላል ትሪ የምትለጥፉ ሰዎች ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ ለንግግር የሚረዳው ጥቂት ነው፣ ለጎርናናው ድምፅ ደግሞ ምንም።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከወረደ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ዋጋ የለውም። ክረምት ከሆነ ጠዋት አሳይ።

ከ96_ጀምሮ

ፊልሙን ያላያችሁ ይህን መልስ ዝለሉት፣ ምስጢር አወጣለሁ።

«ይሄ ማነው?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ሰዎቹ ያለፉትን ስላላዩ ነው። ስምንተኛው ራሱን ችሎ የቆመ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሰባተኛው ፊልም ቀጣይ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ ሁለት የቆዩ ዕዳዎችን ይከፍላል። አንዱ የ2006ቱ ሦስተኛ ፊልም ነው፤ «የጥንቸል እግር» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገረን ነበር ያለቀው። እዚህ የኢንቲቲው፣ ማለትም የዋናው ጠላት የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ መነሻ ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛው የ1996ቱ የመጀመሪያ ፊልም ነው። ኢተን ሀንት (ቶም ክሩዝ) ላንግሌይ፣ የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሰርቅ ከክፍሉ ወጥቶ ያስታወከው የሲአይኤ ሠራተኛ ትዝ ይላችኋል? ዊሊያም ዶንሎ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የተጣለበት በረዷማ ደሴት ላይ ይገኛል፣ ሚስትም አግብቷል፣ ተዋናዩም ያው ሮልፍ ሳክሰን ነው። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ላላየ ግን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ብሪግስ የተባለው አሳዳጅም የጂም ፌልፕስ (በመጀመሪያው ፊልም የከዳው የኢተን አለቃ) ልጅ መሆኑ ሲነገር ፌልፕስ ማን እንደነበር የማያውቅ ሰው ምን ይሰማዋል?

ስለዚህ እንግዶችህ ከቅዳሜ በፊት በየቤታቸው 1ኛን (110 ደቂቃ)፣ 3ኛን (126) እና 7ኛን (163) ይዩ። ጊዜ ከሌላቸው 7ኛውን ብቻ። ሁለተኛውን መዝለል ምንም አያጎድልም።

ያንንም ካላዩ ከመጀመርህ በፊት ይህን አንብብላቸው፤ «ኢንቲቲ የሚባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፈጣሪዎቹ አምልጦ የአገሮችን የኒውክሌር መሣሪያ መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ እየያዘ ነው። የመጀመሪያ ኮዱ ሴቫስቶፖል በሚባል የሰጠመ የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉን ኢተን በሰባተኛው ፊልም አግኝቶታል። አሁን ከመርከቡ የሚወጣውን ኮድና ጓደኛው ሉተር የሠራውን ማጥፊያ ማገናኘት አለበት። ጠላቱ ጋብሬል ደግሞ ኢንቲቲውን ለራሱ ሊያዝበት ይፈልጋል።» ይህን የሰማ ሰው አንደኛውን ሰዓት ይሻገረዋል።

ስለ ሰርጓጁ አንድ ነገር ልጨምር። «ያለ ልብስ ከዚያ ጥልቀት ወጥቶ እንዴት ተረፈ?» የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨምራል፤ ሰው በድንገት ከወጣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆንበታል። ፊልሙ ይህን አልረሳውም፤ የግፊት ማስተካከያ ድንኳን በረዶው ላይ ይዘው እንዲጠብቁት ቀድሞ ይነገራቸዋል። ሐኪም ፊት ያስቃል እንጂ መልስ አለው። መልሱ ያለው ግን የእናንተ ስፒከር በዋጠው ንግግር ውስጥ ነው።

ሰሚት_ጫፍ

ወንድሞቼ፣ ሁሉንም በስፒከርና በአቡጀዲ አታመካኙ። ጥሩ ሲኒማ ቤት ያዩትም ያችኑ የመጀመሪያ ሰዓት ነው የሚያማርሩት። 169 ደቂቃ ረጅም ስለሆነ አይደለም፤ ስድስተኛው 147 ደቂቃ ሆኖ ማንም ሰዓቱን አላየም።

ችግሩ አጻጻፉ ነው። አንድ መረጃ ለአራት ሰው ይከፋፈልና አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርሰዋል፤ በመሃል ካለፉት ፊልሞች ቁርጥራጭ ይገባል፤ ቀጥሎ ሌላ ክፍል ውስጥ ያው ነገር ለፕሬዚዳንቷ እንደገና ይተረካል። አምስተኛውን አስታውሱ፣ ገና ሲከፈት ሰውየው ኤ400ኤም አውሮፕላን በር ላይ ተንጠልጥሏል። ተልእኮው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ገብተናል። እዚህ ግን ስለ አደጋው እየተነገረን እንቆያለን፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ያው ክሪስቶፈር ማኳሪ ነው፣ ከአምስተኛው ጀምሮ አራቱንም የሠራ ሰው፣ ስለዚህ አያውቅበትም አይባልም።

ሉተርም በጊዜ መሞቱ ጎድቶታል። ቪንግ ሬምስ ከቶም ክሩዝ ሌላ በስምንቱም ላይ ያለ ብቸኛ ተዋናይ ነው። ቀልዱም ሙቀቱም ከእሱ ጋር ሄደ፣ የቀረው ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ነው የሚያወራው። ጋብሬል ደግሞ ሳቁ ብቻ ነው የቀረው፤ ዋናው ጠላት ፊት የሌለው ፕሮግራም ሆኖ፣ ፊት ያለው ጠላት ክብደት አጣ።

የሰርጓጁ ትዕይንት ግን ከተከታታዩ ሁሉ አንደኛ ነው። መርከቡ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ግድግዳው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ይሆናል፤ ለረጅም ደቂቃዎች ምንም ንግግር የለም፣ የብረት ጩኸትና ትንፋሽ ብቻ። እዚያ ጋ ድምፅና_ገመድ ያለውን ኮምፕረሰር አጥፉት። ሲጠብ ጸጥታውም ጩኸቱም እኩል ይሆንና ትዕይንቱ ይሞታል።

ድምፅና_ገመድ

@ሰሚት_ጫፍ ልክ ነሽ፣ ይህን አልተቃወምኩም። ወደ ውሃው ሲገባ አጥፍቶ፣ በረዶው ላይ ሲወጣ መመለስ ነው።

ክንፍና_ገመድ

«ኮምፒውተር ነው» ላሉት።

አውሮፕላኖቹ ቦይንግ ስቲርማን የሚባሉ ባለ ድርብ ክንፍ የቆዩ አውሮፕላኖች ናቸው፤ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በእውነት ሰማይ ላይ ነው። ክንፉ ላይ የወጣውም ራሱ ክሩዝ ነው። በኮምፒውተር የተሠራው በዋናነት የደህንነት ገመዱንና መታጠቂያውን ከምስሉ ማጥፋት ነው። ለተከራካሪዎችህ የሚታይ ማስረጃ ልስጥህ፤ አውሮፕላኑ ሲዞር የላይኛው ክንፍ ጥላ ፊቱ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ እዩ፣ የጉንጩ ቆዳ በነፋሱ ሲርገበገብ እዩ፣ ከኋላው ያለው መሬት ከጥላው ጋር አብሮ ሲዞር እዩ። ስቱዲዮ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን ባንድ ላይ ማግጠም ከባድ ነው። በእሳት የተያያዘው ፓራሹትም እውነት ነው፤ 16 ጊዜ ዘሎበት በጊነስ ተመዝግቧል።

ግን ልጆቹ ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም። ቴሌቪዥን ላይ ወይም አንዳንድ ማጫወቻ ላይ «ሞሽን ስሙዚንግ» የሚባል ነገር አለ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ መሣሪያው በመሃል የሌሉ ምስሎችን ፈጥሮ ይሰካል፣ እንቅስቃሴው ከልክ በላይ ይለሰልስና እውነተኛው ነገር የቪዲዮ ጌም ይመስላል። ክሩዝና ማኳሪ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ሰው ይህን እንዲያጠፋ የሚለምን ቪዲዮ እስከ መልቀቅ ደርሰዋል። ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው»፣ ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ይባላል። አጥፋው። የላፕቶፑንም የስክሪን ፍጥነት 60 ላይ ከመተው ፕሮጀክተሩ ከተቀበለ 24 ላይ አድርገው፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር የሚታየው መንገጫገጭ ይቀንሳል።

ሙዚቃውን ደግሞ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። የላሎ ሺፍሪን ዜማ፣ ማለትም የታወቀው የሚሽን ኢምፖሲብል መለያ ዜማ፣ በአምስት ምት ነው የሚሄደው፤ በጭፈራ ልማድ በስድስት ሊያጨበጭብ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ዙር ይደናቀፋል። ሺፍሪን ፊልሙ በወጣ በወሩ አካባቢ፣ በጁን 2025 ነው ያረፈው።

ቱሉዲምቱ_ማዶ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አቡጀዲውንና ሞራሌውን ነገ እገዛለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ እረፍት የት ላድርግ? የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጣቸው ቀደም ብዬ መጀመር አለብኝ። ሁለተኛው መብራት ቅዳሜ ማታ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለኝ፣ ይበቃል? አንዱ የአጎቴ ልጅ ደግሞ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አግኝቻለሁ ብሎ ልኮልኝ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

ከ96_ጀምሮ

እረፍቱን አጋማሹ አካባቢ አድርገው፤ ኢተን የአሜሪካኖቹ ሰርጓጅ ውስጥ ሆኖ የመጥለቂያ ልብሱን ከመልበሱ በፊት። ከዚያ አልፈህ ካቆምክ ውጥረቱን ትሰብረዋለህ፤ ቡናውም ከዚያ በኋላ ባይዞር ይሻላል። በ11 ሰዓት ብትጀምር ከአሥር ደቂቃ እረፍት ጋር ለ2 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያልቃል። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ድፈነው፣ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ሸራ_ወጣሪ

ሳጥን የሚያሳየው ወይ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ስላልተቀመጠ ነው፣ ወይ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው። በኖትፓድ ክፈተውና «ሴቭ አዝ» ብለህ ዩቲኤፍ-8 ምረጥ፤ ኖትፓዱ ላይ ፊደሉ በትክክል ከታየ ፋይሉ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ በቪኤልሲ የግርጌ ጽሑፍ ቅንብር ውስጥ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርግ። ጽሑፉ መጀመሪያ ገጥሞ ቆይቶ እየራቀ ከሄደ የተሠራው ለ25 ምስል ቅጂ ነው፤ በዚህ ርዝመት መጨረሻው ላይ ወደ 7 ደቂቃ ይለያያል። የጂና የኤች ቁልፍ ይህን አያስተካክሉትም፣ ጽሑፉን ባለበት ወደፊትና ወደኋላ ነው የሚገፉት። የፍጥነት ልኩን መቀየር ወይም ሌላ ፋይል መፈለግ ነው።

ድምፅና_ገመድ

ባትሪው ይበቃል። ፕሮጀክተሩ 80 ዋት፣ ስፒከሩ 20 ዋት ብንል ለሦስት ሰዓት 300 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪህ በወረቀት 1200 ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) የሚበላውን 15 በመቶ ስትቀንስ 510 ገደማ ይተርፍሃል። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሂድ። መብራት ሲሄድ ሁሉም እንዳይጠፋ ፕሮጀክተሩን ከመጀመሪያው ኢንቨርተሩ ላይ ሰካ፣ ባትሪውን ደግሞ በዋዜማው ሙላ። ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን» (እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) መሆኑን አረጋግጥ፤ ርካሹ ዓይነት ከሆነ ስፒከሩ ውስጥ ዝዝታ ይገባል፣ ያኔ ስፒከሩን በራሱ ቻርጅ አሠራው።